ስለ ሁለት ሚሊሜትር

አዳኞች ስለ ጥይት ሲከራከሩ መስማት ደስ ይላል። ስለ ጠመንጃ ሥሪት ሲከራከሩም ቡና ይዞ መታደም ይቻላል። ስለ መነጽር ቀለበት ቁመት ከጀመሩ ግን ምሳ በልቶ መምጣት ይሻላል፤ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። የሚከራከሩት ስለ ስንት መሰላችሁ? ስለ ሁለት ሚሊሜትር። በጣም ከጦፈ ስለ አምስት። በውርስ መሬት ወንድማማች ሲካሰስ ያየሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ እንኳ ጠቡ በክንድ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። የአደን ጠመንጃ መነጽር ጠመንጃው ላይ እንዲሁ አይጋደምም። መጀመሪያ ከጠመንጃው ጀርባ ላይ መቀመጫ በብሎን ይታሰራል፤ መቀመጫው ላይ ሁለት ቀለበቶች ይቆማሉ፤ ቀለበቶቹ የመነጽሩን ቱቦ ከፊትና ከኋላ ጨብጠው ይይዙታል። ሁለቱ ተደምረው መዳፍ ውስጥ ይገባሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ጠመንጃውን ለመግዛት ቅጽ 4473 የሚባል ወረቀት ይሞላል፣ ያለፈ ታሪክ ይጣራል፣ ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ደግሞ ሦስት ቀን ይጠበቃል። ቀለበቱን ግን ማንም ሰው ስሙን እንኳ ሳይጠየቅ ከመደርደሪያ አንስቶ፣ ከፍሎ ይወጣል። መንግሥት ሰውን የሚያጣላው የትኛው ዕቃ እንደሆነ ገና አልደረሰበትም።

የምኖረው አውሮራ ነው፤ ከዴንቨር ጋር ግድግዳ የምትጋራ፣ እንጀራ ፍለጋ ሩቅ የማይኬድባት ከተማ። መስከረም ወጥቶ ጥቅምት ሲጠባ የሰዉ ጠባይ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ ስለ ኳስ ብቻ ሲያወራ የከረመ ሰው ስለ ነፋስ አቅጣጫ ማውራት ይጀምራል። ነዳጅ ማደያው ብርቱካናማ በለበሱ ሰዎች ይሞላል። ፋሽን እንዳይመስላችሁ፤ ሕግ ነው። በጠመንጃ የሚያድን ሰው ከወገቡ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ፣ በዚያው ቀለም ኮፍያም መድፋት አለበት። አጋዘን ብርቱካናማውን እኛ እንደምናየው አድርጎ አያየውም፤ የሚያየው ሌላው አዳኝ ነው፤ ሕጉም የወጣው ለእሱ ነው።

ከልብሱ በፊት ደግሞ ትምህርት አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ካርድ ካልያዘ ፈቃድ አይሸጥለትም። ቀኑን የቆረጠው ሰው ስለ ሀበሻ የሰማ አይመስለኝም፤ በስደት ወረቀት ከመጣነው መካከል ስንቶቻችን ነን ልደታችን ጃንዋሪ 1 የሆነው! ጎረቤቴ ጋሼ በወረቀታቸው የተወለዱት ልክ በዚያች ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ነው። እናታቸው እንደነገሯቸው ከሆነ ግን የተወለዱት ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ፍልሰታ ሲገባ ነው። «ይኼ ሕግ በአንድ ቀን ያዘኝ» ይላሉ። ትምህርቱን ተቀምጠው ተከታትለው፣ ፈተናውን አልፈው፣ መምህሩን ስለ ጠመንጃ አያያዝ አርመው መጡ።

ጋሼ በጃንሆይ የመጨረሻ ዘመን ወታደር ነበሩ። ኤም-ዋን ጠመንጃ ይዘው ምልምል አሠልጥነዋል። እኔን ወደ ቀለበት ጉዳይ ከጎተቱኝ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ አባቱም አያቱም እዚሁ ተራራ ላይ ያደኑ፣ ብሎን ሲያጠብቅ እንኳ በመለኪያ የሚያጠብቅ ሰው። ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። እኔ ጠመንጃ ስገዛ ተዋወቁ፤ በመጀመሪያው ቀን ተዋደው በሁለተኛው ተኳረፉ።

(ሥጋው ይበላል ወይ ለምትሉኝ፤ አጋዘን ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፣ ኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት ቆጥሮታል። ስለ አስተራረዱ ያለውን ክርክር ለንስሐ አባቶች ትቼዋለሁ። ጋሼ የሚጨነቁት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፤ ፈቃዳቸውን የሚመርጡት የአደኑን መቁጠሪያና የባሕረ ሐሳቡን ጎን ለጎን ዘርግተው ነው።)

ወደ ቀለበቱ። መደብር ገብታችሁ ቀለበት ስትጠይቁ ሻጩ «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይስ ከፍተኛ?» ይላችኋል። የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ሦስት ምርጫ ነው። አስፈሪው የሚመጣው የአንዱን ፋብሪካ መካከለኛ ከሌላው ፋብሪካ መካከለኛ አጠገብ ስታቆሙት ነው። አንዱ ከሌላው ይረዝማል። የአንዱ ዝቅተኛ የሌላውን መካከለኛ ያህላል። ገጠር መንገድ ጠይቃችሁ «ቅርብ ናት፣ ይህችው ከጋራው ማዶ» የተባላችሁ ሰዎች ይገባችኋል፤ የነገራችሁ ሰው አልዋሸም፤ የለካው በራሱ እግር ነው።

ቁጥር ያስታርቅ ይሆናል ብሎ ሳጥኑን ገልብጦ ማንበብም አያዋጣም። አንዱ ፋብሪካ ቁመት የሚለው ከመቀመጫው እስከ ቱቦው መሃል ያለውን ነው። ሌላው ከመቀመጫው እስከ ቱቦው ታችኛ ጠርዝ ያለውን ይለካል። ቱቦው 30 ሚሊሜትር ከሆነ በሁለቱ ልኮች መካከል 15 ሚሊሜትር ልዩነት አለ ማለት ነው፤ ስለ አንድ ቀለበት፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት ሐቀኛ ሰዎች አፍ። ቱቦው ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም፤ 25.4 ሚሊሜትር አለ፣ 30 አለ፣ 34 አለ። ቢል ዊቨር የሚባል አሜሪካዊ በ1930 መነጽርን ለተራ አዳኝ ኪስ ባወረደበት ጊዜ ቱቦው 19 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ መነጽሩ ሲወፍር ሲወፍር መጣ።

የአሜሪካ ጦር መቀመጫውን በ1995 ደነገገው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለው የፒካቲኒ የጦር መሣሪያ ተቋም ስም የሚጠራው ሐዲድ ስንጥቆቹ በ10 ሚሊሜትር ርቀት እንዲሰለፉ ተወሰነ፤ ዛሬ ያንን ሐዲድ የሚነክስ ማንኛውም ቀለበት ማንኛውም ፋብሪካ የሠራው ሐዲድ ላይ ይገጥማል። ያን ሁሉ ያሰበ ኮሚቴ አንድ መስመር ጨምሮ «መካከለኛ ማለት ይህን ያህል ነው» ቢል ምን ነበረበት? ምናልባት ያንን ስብሰባ ከምሳ በፊት ጀምረውት ይሆናል።

እንግዲህ የራሴን ልክ ማወቅ ነበረብኝ። መነጽሬ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ነው። ባልደረባዬ ካሊፐሩን አውጥቶ የመጀመሪያውን ትምህርት ሰጠኝ፤ 50 የመስታወቱ ነው፤ ጠመንጃው ላይ የሚያርፈው ግን መስታወቱ ሳይሆን መስታወቱን ያቀፈው ብረት ነው። ብረቱ 57 ሆኖ ተገኘ። ግማሹ 28.5። ስለዚህ የቱቦው መሃል ከአፈሙዙ ገላ ቢያንስ ከ28.5 በላይ መሆን አለበት፤ 30 ቢሆን አንድ ሚሊሜትር ተኩል አየር ይገባበታል። ሒሳቡ ይኸው ነው። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ይሠራዋል። ፍልስፍናው ግን ያቺ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ላይ ይጀምራል።

«እስካልነካ ድረስ የተቻለውን ያህል ዝቅ ይበል» ይላል ባልደረባዬ፤ አያቱም እንዲሁ ይሉ ነበር። መንካት የለበትም፤ አፈሙዝ ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል፣ ሲግል ይለወጣል፤ መነጽሩን ከታች ከገፋው ዛሬ ያስተካከልከው ኢላማ ነገ ሌላ ቦታ ነው። አንድ የዶላር ኖት በመሃላቸው ካለፈ ይበቃል የሚሉም አሉ። ባልደረባዬ ኖቱን አሳልፎ ሲያበቃ ወደ ኪሱ መለሰው፤ የእኔ ኖት ነበር።

እዚህ ላይ ጋሼ፣ እስከዚያ ድረስ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ የቆዩት፣ «ለመሆኑ ይኼ ሌንስ ለምን እንዲህ ሰፋ?» አሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ባልደረባዬ ለብርሃን ነው አላቸው። እውነቱን ነው፤ የሌንሱ ስፋት ለማጉያው ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ይገኛል። 50 ሲካፈል ለ10፣ 5 ሚሊሜትር ነው። 40 ሌንስ ቢሆን 4 ይሆን ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ የሚታደነው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት በኋላ እስኪሆን ነው፤ በዚያች ድንግዝግዝ አንዲት ሚሊሜትር ትቆጠራለች። ግን ማጉያውን ወደ 6 ቢያወርዱት ክቡ ከ8 ይበልጣል፤ የሰው ዓይን ደግሞ በወጣትነቱ እንኳ በጨለማ የሚከፈተው ወደ 7 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ከዚያም ይጠብባል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሻዩን አስቀመጡ። «ስለዚህ እኔ የማይገባኝን ብርሃን ልከፍልበት፣ መነጽሩ ከፍ ሊል፣ አንገቴ ሊቀጭ?» ባልደረባዬ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ መነጽሩን የሸጠልኝ እሱ ነውና።

ከዚያ ጋሼ ተነሱ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አንድ ጊዜ ራሳቸው አዩ፣ አንድ ጊዜ እኔን አሳዩኝ፣ አንድ ጊዜ ባልደረባዬን አሳዩት። መነጽሩ በተዋስነው ከፍተኛ ቀለበት ታስሯል።

«ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈንኩ።

«አንሣው። ትከሻህ ላይ አድርገው። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ ጣለው። አትፈልገው፣ ጣለው! ትራስ ላይ ስትተኛ ትራሱን ትለካለህ?»

ጣልኩት።

«ክፈት።»

ከፈትኩ። የታየኝ ጥቁር ጨረቃ ነው፤ ከታች የጨለመ፣ ከላይ ጭል የሚል ብርሃን። ሙሉውን ክብ ለማየት ጭንቅላቴን ማንሳት ነበረብኝ። ሳነሳ ጉንጬ ከሰደፉ ተላቀቀ። ጋሼ በመዳፋቸው ሰደፉን ከታች ወደ ላይ መታ አደረጉት፤ ጉንጬን አገኘኝ። «ይኼ እጄ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ግን እጅ አይደለም የሚመጣው።»

የጠመንጃ መነጽር ከዓይን ዘጠኝ፣ አሥር ሴንቲሜትር ያህል እንዲርቅ ተደርጎ ይሠራል። ጉንጩን ያላሳረፈ ሰው ግን በጭንቅላቱ ክብ ፍለጋ ይዞራል፤ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ አንገቱን ያሰግጋል። ከዚያ ይተኩሳል። ጠመንጃው ወደኋላ ይመጣል፤ የመነጽሩ ጠርዝ ከቅንድብ በላይ ግማሽ ጨረቃ ይቆርጣል። እዚህ አገር ይህን ጠባሳ ያለበት ሰው ብዙ ነው። ሲጠየቁ በፈገግታ የሚያሳዩት አሉ፤ ኮፍያቸውን ዝቅ የሚያደርጉም አሉ።

በመሠረቱ ጥፋተኛው ቀለበት ብቻ አይደለም፤ ሰደፉም አለበት። የድሮ ጠመንጃ ሰደፉ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ ምክንያቱም የተሠራው አፈሙዙ ላይ ለተቀመጠ የብረት ማነጣጠሪያ ነው፤ ዓይንም ወደዚያ ዝቅ ማለት ነበረበት። አያቶቻችን በውጅግራ፣ በምንሽር፣ በአልቢን፣ በቤልጅግ ሲያልሙ ጉንጫቸው ከእንጨቱ አይነሳም። በፉከራም በሽለላም ስለ ቀለበት ቁመት የሚያወሳ ስንኝ ሰምቼ አላውቅም፤ ስለ ጉንጭም አይወሳም፤ ችግር ስላልነበረ። መነጽር ሲመጣ ዓይን ከፍ እንዲል ተጠየቀ፤ ሰደፉ ግን እዚያው ቀረ። በኋላ ሰደፍ ሠሪዎች ጉንጭ የሚያርፍበትን ቦታ ከፍ አድርገው መቅረጽ ጀመሩ፤ ሞንቴ ካርሎ ይባላል። የቁማር ከተማ ስም ጉንጭ ማሳረፊያ ላይ መውጣቱ ለእኔ ተገቢ ይመስለኛል።

የጋሼ ኤም-ዋን ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ጥይቱ በስምንት በስምንት ታስሮ ከላይ ይጎርሳል፣ ቀለሁም ባዶው ማሰሪያም ከላይ ይተፋል። መነጽር በመሃል አናቱ ላይ ቢደረግበት የሚጎርስበትም የሚተፋበትም አፍ ይዘጋል። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ለአልሞ ተኳሽ ሲያዘጋጁት መነጽሩን ወደ ግራ ጎን ገፉት። አሁን ደግሞ ጉንጭ ጠፋ፤ ወደ ግራ የሄደውን መነጽር ለማየት ፊት ከእንጨቱ ወጣ። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? ሰደፉ ላይ በቆዳ የተሰፋ፣ በማሰሪያ የሚጠበቅ ትራስ። መነጽሩን ወደ ሰው ማምጣት አልተቻለም፤ ሰውየውን በትራስ ወደ መነጽሩ ወሰዱት። ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ ከኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈ። እርቅ እዚያ ላይ ጀመረ ብል ይሆናል።

ጥይቱስ? ይህን ሁሉ ሚሊሜትር የምንቆጥረው ለጥይቱ ሲባል አይደለም ወይ? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር ወደ ሒሳቡ የገባሁት። መነጽሩ በላይ፣ አፈሙዙ በታች ነው፤ ስለዚህ አፈሙዙ በጥቂቱ ቀና ብሎ ይታሰራል፤ ጥይቱ ከታች ተነሥቶ የዓይንን መስመር ወደ ላይ ያቋርጣል፣ ራቅ ብሎ ሲወድቅ እንደገና ያቋርጠዋል። የጥይት ሰንጠረዥ የሚያወጡት ሰዎች ይህን የመሃል ለመሃል ቁመት እንደ ልማድ 1.5 ኢንች፣ 38 ሚሊሜትር ይሉታል። መነጽሬ በ12 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ 50 ቢሆንስ? ጠመንጃው በ100 ሜትር ልክ እንዲመታ ከተስተካከለ፣ በ50 ሜትር ጥይቱ ከበፊቱ 6 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፤ በ200 ሜትር 12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ከአንድ ስንዝር አያንስም፤ የኤልክ፣ የትልቁ አጋዘን፣ ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። ያቺ 12 ሚሊሜትር እዚያ ውስጥ ጠፍታ ትቀራለች። እንዲያውም የእኔ እጅ መንቀጥቀጥ ብቻውን ከእሷ ይበልጣል።

ስለዚህ ጥይቱ ግድ የለውም። ዝቅተኛ አለ፣ ከፍተኛ አለ፣ እሱ መንገዱን ይሄዳል። ግድ ያለው አንገት ነው፣ ጉንጭ ነው፣ ቅንድብ ነው። ፋብሪካዎቹ ይህን እያወቁ ሳጥኑ ላይ የጠመንጃውን ሥሪት ጽፈዋል፣ የሌንሱን ስፋት ጽፈዋል፣ የብሎኑን ዓይነት ጽፈዋል፤ አንገተ ረጅም ነህ ወይስ አጭር፣ ጉንጭህ ሙላት አለው ወይስ ጎድጓዳ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። ሻጩም የሚያየው ጠመንጃውን ነው። ባልደረባዬ ፊቱ ሰፊ፣ አጥንተ ትልቅ ነው፤ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ሲጥል ዓይኑ ከፍ ብሎ ይቆማል። የእኔ ፊት ቀጭን ነው፤ ስጥለው ወደ ታች ይሰምጣል። በአንድ ጠመንጃ፣ በአንድ መነጽር፣ ለእሱ መካከለኛ ሲስማማው ለእኔ ዝቅተኛ ነው የሚሆነው። የአያቱ ምክር ለምን ለአያቱ እንደሠራም በዚህ ይታወቃል። የአያቱን ፎቶ አሳይቶኛል፤ ፊታቸው ከእኔ ይቀጥናል።

ከፍ ያለ መነጽር አንድ ሌላ ጣጣ አለው፤ እሱ ግን ከአንገት ጋር አይገናኝም። አዳኙ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ያልማል። በመነጽሩ ሲያይ መንገዱ ክፍት ነው፤ አጋዘኑ ቆሟል፤ ሣሩ ይወዛወዛል። አፈሙዙ ግን ከዓይኑ አምስት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ድንጋዩን ፊት ለፊት እያየ ነው። ሲተኩስ የሚሆነውን ገምቱት። በመኪና ኮፈን ላይ ተደግፈው የተኮሱ ሰዎችም አሉ፤ ኮፈኑን የሚያሳድስ ሰው ጋራዥ ሄዶ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ መስማት እፈልጋለሁ።

እንግዲያው ዝቅተኛውን እንሰር ተባለ። ታሰረ። ከፊት አየር አለ፤ የዶላር ኖቱ (አሁን የባልደረባዬ) አለፈ። ዓይኔን ጨፍኜ ከፈትኩ፤ ሙሉ ክብ፣ ዙሪያው ንጹሕ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ላቀባብል እጀታውን ወደ ላይ ሳነሳ ቋ! ብሎ የመነጽሩን የኋላ ጫፍ መታው።

ለካ ሁላችንም ፊት ለፊት ስንለካ ማንም ወደ ኋላ አላየም። የሁለት ጥርስ መቀባበያ እጀታው ወደ 90 ዲግሪ ይነሳል፤ ባለ ሦስት ጥርሱ 60 ቢነሳ ይበቃዋል። የእኔ ባለ ሁለት ነው። የድሮው ማውዘር 98 ከዚህም የከፋ ነበር፤ እጀታው ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ የጥንቃቄ ቁልፉም ወደ ላይ ይቆማል፤ መነጽር ሊያስሩበት የፈለጉ ጠመንጃ ሠሪዎች እጀታውን በእሳት አግለው ወደ ታች ያጎብጡት፣ ቁልፉንም በሌላ ይቀይሩት ነበር። እኔ ጋ እሳት አላስፈለገም። ባልደረባዬ መነጽሩን ትንሽ ወደፊት ገፋው፤ አሁን እጀታው አለፈ፣ ዓይኔ ግን ራቀ፤ የክቡ ዙሪያ መጥቆር ጀመረ። ወደኋላ ሳበው፤ ዓይኔ ተመቸው፣ እጀታው መታ። ጋሼ ሁለተኛ ሻይ ጠየቁ።

መፍትሔው የመጣው ከባልደረባዬ መሳቢያ ነው። አዳኝ ሁሉ እንዲህ ያለ መሳቢያ አለው፤ ያልገጠሙ ቀለበቶች የሚቀበሩበት። ከፍቶ ሲያሳየኝ አሥር ትውልድ የሚያጋባ ብረት አየሁ። «መካከለኛ» ተብሎ የተጻፈበት ከአንድ ፋብሪካ፣ «ዝቅተኛ» ተብሎ የተጻፈበት ከሌላ፤ በካሊፐር ሲለኩ የሚለያዩት ከሁለት ሚሊሜትር ባነሰ ነው፤ ረጅሙ ደግሞ ዝቅተኛው! ያንን አሰርን። እጀታው በወረቀት ልክ አለፈ፣ ክቡ ሞላ፣ ጉንጬ አልተነሳም። ባልደረባዬ ብሎኖቹን በሁለት ኒውተን ሜትር ግድም በመለኪያው እያጠበቀ፣ አንዱን ከቀኝ አንዱን ከግራ እያፈራረቀ ጨረሰ። ጋሼ «ይህን ያህል ብቻ?» አሉ፤ በእሳቸው ዘመን ብሎን የሚጠብቀው እስኪጮህ ድረስ ነበር። ባልደረባዬ ከዚያ ካለፈ ቱቦው ይጎዳል አላቸው። አላመኑትም፤ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

ተኩሰን መጣን፤ ጥሩ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሼ ዝም አሉ። የእሳቸውን ጠመንጃ እንደሚያስቡ ገብቶኛል። በእኔ ጨፍን-ክፈት ሲያስተምሩ የቆዩት ሰውዬ በራሳቸው ላይ ሲሞክሩት ክቡ አልሞላም ነበርና። ጥፋቱ የቀለበት አልነበረም። ጋሼ የሚያደርጉት የዓይን መነጽር ከላይ ለሩቅ፣ ከታች ለንባብ የተሠራ ነው። የጠመንጃው መነጽር ከፍ ሲል አገጫቸውን ያነሳሉ፤ ያኔ የሚያዩት በታችኛው በኩል ነው፤ አጋዘኑ ደብዝዞ፣ የጥይቱ ሳጥን ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ጥርት ብሎ። ዝቅ ሲል ግንባራቸውን ይደፋሉ፤ ያኔ የፍሬሙ ጠርዝ መሃል ላይ ይገባል።

ስለዚህ በማግሥቱ ወደ ዓይን መነጽር ቤት ይዤአቸው ሄድኩ። የምትለካቸው ልጅ ወጣት ናት፤ ቀና ብለው እንዲያዩዋት ጠየቀቻቸው፣ በሙከራው መስታወት ላይ በብዕር የዓይናቸውን ብሌን ቦታ ነጠብ አደረገች፣ ትንሿን ማስመሪያ አመጣች። ጋሼ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ከመለካትሽ በፊት፣» አሉ በእንግሊዝኛቸው፤ «ቁመቱን የምትወስጂው እስከ መሃሉ ነው ወይስ እስከ ታችኛው ጠርዝ?»

ልጅቱ ብዕሯን አቆመች። «ከብሌንዎ እስከ ታችኛው ጠርዝ፣ በሚሊሜትር» አለች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፈው» አሉኝ።